ያልተጨበጨበለት ጊታር

እ.ኤ.አ. በ1960 መባቻ የኮንጎ ፖለቲከኞች ስለ አገራቸው ነፃነት ከቤልጂየም መንግሥት ጋር ለመደራደር ብራስልስ ላይ ሲሰበሰቡ፣ ወደዚያው ከተማ ጥቂት ሙዚቀኞችም ተጉዘው ነበር። በጆሴፍ ካባሴሌ የሚመራው «አፍሪካን ጃዝ» በዚያው ሰሞን የተጫወተው «ኢንዴፔንዳንስ ቻ ቻ» የኮንጎን ድንበር ተሻግሮ በሌሎችም የአፍሪካ አገሮች የነፃነት ዘመን ዜማ ሆኖ ቀረ። ዘፈኑን የሚያውቅ ሁሉ የካባሴሌን ድምፅ ያውቃል። ጊታር የሚወድ ደግሞ «ዶክተር ኒኮ» እየተባለ የገነነውን የኒኮ ካሳንዳን ጣቶች ከመጀመሪያው ሐረግ ይለያል። ከኒኮ ጎን ሆኖ ሁለተኛውን ጊታር ይመታ የነበረውን ሰው በስሙ የሚጠራ ግን ጥቂት ነው። ሰውዬው ቻርልስ ምዋምባ ይባላል፤ በመድረክ ስሙ ዴሾ። የኒኮ ታላቅ ወንድም ነበር።

በእኛ ልማድ ታላቅ ይቀድማል፣ ታናሽ ይከተላል። እጅ ሲታጠብ፣ ንግግር ሲከፈት፣ በር ሲታለፍ ሥርዓቱ ይኸው ነው። በእነዚህ ወንድማማቾች ጊታር ግን ታናሹ ፊት ወጥቶ ማጉን ሲወረውር፣ ታላቁ ከኋላ ሆኖ ድሩን ያደራ ነበር። ጥበቡን ያየ ሁሉ ጥለቱን አደነቀ፤ ጭብጨባውም ወደ ታናሹ ሄደ። ለመሆኑ ታላቁ ምን አተረፈ? ጥያቄው የሁለት ኮንጎውያን ብቻ አይደለም። ጊታር ለመማር የተነሣ ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ይገናኘዋል። ጊታር ነክቶ የማያውቀውም ቢሆን በቤቱ፣ በመሥሪያ ቤቱ፣ በዕድሩ ውስጥ በሌላ መልኩ ያውቀዋል። ሰው የማይታይበትን ሥራ ለሌላው ሲል በታማኝነት መሥራት አለበትን? ከሠራስ ከራሱ የሚያጎድለው ነገር አለን?

የኮንጎ ሩምባ ለዚህ ጥያቄ የተመቸ ነው፤ በጊታሮቹ መካከል ያለው የሥራ ክፍፍል ግልጽ ነውና። ሊድ ጊታሩ ሶሎውን ይይዛል። አጃቢው ጊታር አንዲት አጭር ሐረግ ይዞ ሳያሰልስ ይመላለስባታል። ኋላ ላይ ደግሞ በሁለቱ መካከል የሚቆም፣ «ሚ ሶሎ» የሚባል ሦስተኛ ጊታር ተጨመረ። ዘፋኙ ስንኙን ጨርሶ ዘፈኑ «ሰቤን» ወደሚባለው የጭፈራ ክፍል ሲገባ ሊድ ጊታሩ እንደ ልቡ ይበርራል፤ የሚበርረው ግን ተመልሶ የሚያርፍበት ቅርንጫፍ ስላለ ነው። ናይሮቢ ላይ ማታቱ የተሳፈረ ወይም ካምፓላ ውስጥ ከወዳጆቹ ጋር ያመሸ አንባቢ ይህን ሙዚቃ ሳይፈልግም ቢሆን ሰምቶታል። አንድ ቀን ጆሮውን ከሊዱ ነቅሎ ሁለተኛውን ጊታር ብቻ ለመከተል ይሞክር። መጀመሪያ አያገኘውም። ካገኘው በኋላ ግን ሌላው ሁሉ በእርሱ ላይ ተደላድሎ መቀመጡን ያስተውላል፤ ከዚያ ወዲያ አለመስማት አይቻለውም።

ይህ ዓይነቱ ሰው በሌላም ምድር አለ። አሜሪካዊው ፍሬዲ ግሪን በካውንት ቤዚ ኦርኬስትራ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ እስከ ሞተበት እስከ 1987 ድረስ የሪትም ጊታር ሲመታ ኖረ። ግማሽ ምዕተ ዓመት ማለት ነው። ሶሎ የተጫወተባቸው ጊዜያት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መለከቶቹ በተደረደሩበት አዳራሽ ያለ ድምፅ ማጉያ ስለሚጫወት ከሩቅ የተቀመጠ አድማጭ ጊታሩን ለይቶ አይሰማውም፤ ባይኖር ግን የጎደለ ነገር እንዳለ ሳይታወቀው አይቀርም።

ጀማሪ ተጫዋች ይህን ቦታ ወዶ የሚመርጠው እምብዛም ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው «ለጊዜው» ተብሎ ነው፤ ሊድ መጫወት እስኪችል። ሪትም ጊታር ሊድ ያቃተው ሰው ማረፊያ ነው የሚለው አስተሳሰብ በየባንዱ ሥር የሰደደ ስለሆነ፣ ተማሪው ኮርዶቹን እንደ ነገሩ ለቃቅሞ ወደ ፈጣኑ የጣት ጨዋታ ይቸኩላል። ወራት ካለፉ በኋላ ከአንድ ድራም ተጫዋች ጋር ሲቀመጥ ነው ጉዱ የሚታየው። ጣቶቹ ያውቃሉ፤ ጊዜው ግን የለውም።

ለምን ቀድሞ አላወቀም? ብቻውን ሲጫወት ፈራጁም ተፈራጁም እርሱ ነውና። እጁ ሲፈጥን ጆሮውም አብሮ ይፈጥናል፤ እጁ ሲዘገይ ጆሮውም ይታገሠዋል። ጨዋታውን በስልክ ቀድቶ በማግስቱ ያዳመጠ ዕለት ግን የሌላ ሰው ይመስለዋል። ጣቶቹ የለመዱት ቦታ ሲደርስ ይሮጣል፤ የሚፈራው ኮርድ ሲቃረብ ይጎተታል። ፍጥነቱ የዜማው ሳይሆን የስሜቱ ነው። ይህን የምግባር ጉድለት ማለት እርግጥ ማጋነን ይሆናል፤ ያልሠለጠነ እጅ ኃጢአት የለበትም። ሆኖም ሰው ሲደሰት የሚቸኩል፣ ሲፈራ የሚያመነታ፣ ሁለቱንም ሲያደርግ ግን እኩል የሄደ የሚመስለው ፍጡር መሆኑን ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ መስታወት ማግኘት ይከብዳል።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ ሜትሮኖም። ጀማሪው መሣሪያውን ይጠላዋል። የሚገርመው በደቂቃ 120 ምት ላይ ሲሞላ ደህና የሚሄደው ሰው 60 ላይ ሲያደርገው መሰናከሉ ነው። ዝግታ ይቀላል ብሎ ያስባል፤ በሁለት ምቶች መካከል ያለው ባዶ ቦታ ሲሰፋ ግን የሚሳሳትበትም ቦታ ይሰፋል። በዚያ ባዶ ቦታ ውስጥ መሣሪያው አይረዳውም፤ ቦታውን በልቡ እየከፋፈለ፣ በአፉም «አንድ እና፣ ሁለት እና» እያለ ራሱ ማለፍ አለበት። ጥቂት ሲበረታ ደግሞ መምህራን መሣሪያውን በሁለተኛውና በአራተኛው ምት ላይ ብቻ እንዲመታ አድርገው እንዲለማመድ ይመክሩታል። አንደኛውንና ሦስተኛውን ተማሪው በራሱ ተጠያቂነት ይይዛል ማለት ነው። ሜትሮኖም ጥሩ መምህር የሚሆነው ቀስ በቀስ ዝም ሲል ነው። ከመሣሪያው ሳይለይ ዓመታት ያሳለፈ ሰው ምርኩዙን እግሩ አድርጎ የሚቆጥር በሽተኛን ይመስላል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የልምምድ ነው። የምግባሩ ጥያቄ የሚመጣው ሁለተኛ ሰው ሲጨመር ነው። ተማሪው ከሌሎች ጋር እየተጫወተ ሳለ ግራ እጁ የሚቀጥለው ኮርድ ላይ በጊዜው አልደረሰም እንበል። ምን ያድርግ? አብዛኛው ጀማሪ ይቆማል፤ ጣቶቹን አስተካክሎ ትክክለኛውን ኮርድ ይመታና ይቀጥላል። አስተዋይ መምህር ግን ተቃራኒውን ያዝዛል። ግራው ካልደረሰ ይቅር፣ ቀኙ ግን አይቁም ይላል። የተሳሳተ ኮርድ አልፎ ይሄዳል፤ የቆመ ምት ግን ሁሉንም ያስቆማል።

በጨዋ ቤት ላደገ ሰው ይህ ምክር ቀላል አይደለም። ስህተትን አይቶ ሳያርሙ ማለፍ ግዴለሽነት አይደለምን? ያለፈውን ትክክል አስመስሎ መቀጠልስ ከማታለል በምን ይለያል? ጥያቄው የሚፈታው እርማቱ ለማን እንደሆነ ሲጤን ነው። ዘግይቶ የመጣው ትክክለኛ ኮርድ ለዘፋኙ አይጠቅመውም፤ ስንኙ አልፏል። ለድራሙ አይጠቅመውም፤ ምቱ ወድቋል። የሚጠቅመው ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ «እኔ እኮ ኮርዱን አውቀዋለሁ» ለማለት ለፈለገው ለተጫዋቹ። የእውነት ፍቅር የመሰለው ነገር ሲገለጥ ለራስ ስም መጨነቅ ሆኖ ይገኛል። ቃሬዛ ከተሸከሙት አራት ሰዎች አንዱን እንቅፋት ቢመታው ቆሞ ጣቱን አይመለከትም። ሕመሙን ይዞ ይሄዳል፤ በቃሬዛው ላይ ያለው በሽተኛ ነውና ጉዳዩ።

ነገር ግን የዚህ ሕግ ሌላ ገጽ አለው፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳውም እርሱ ነው። መድረክ ላይ በስህተት ላይ ተራምዶ ማለፍ የተፈቀደው፣ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ላረመ ሰው ብቻ ነው። ብቻውን ሲለማመድ የተበላሸችውን ሁለት ምት አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ በዝግታ ያልደጋገመ፣ ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን «ምቱ አይቁም» ብሎ ማለፉ ትሕትና ሳይሆን ስንፍና ነው። አንዱ ድርጊት፣ ማለትም ማለፍ፣ በአንዱ ክፍል ውስጥ ታማኝነት፣ በሌላው ክፍል ውስጥ ክህደት ይሆናል።

ለቀኝ እጅ የሚሰጠው ሌላው ትምህርት ከዚህ ይረቅቃል። እጁ በምቱ ላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ በምቶቹ መካከል ወደ ላይ ይመለሳል። ሁሉም ምልልስ ግን ድምፅ እንዲሰጥ አይፈለግም። አላዋቂው መምታት በማይገባው ቦታ እጁን ያቆመዋል፤ ከዚያ እንደገና ሲያስነሣው ዘግይቷል። የሠለጠነው እጁን አያቆምም። ክሮቹን ሳይነካ በላያቸው ያሳልፈዋል። ተመልካች እጁን አይቶ ዘወትር የሚመታ ይመስለዋል፤ ጆሮ የሚሰማው ግን ከምልልሱ ግማሹን ነው። ዝምታውም እንደ ድምፁ በሥራ የተያዘ ነው።

ክራር የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ተማሪ ለዚህ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። በግርፍ ስልት የሚጫወት ባለ ክራር ቀኝ እጁ አውታሮቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጠርግ፣ የግራ እጁ ጣቶች የማይፈለጉትን እየነኩ ድምፃቸውን ያፍናሉ። ከጣቶቹ ያመለጠው ነው ዜማ ሆኖ የሚሰማው። በሪትም ጊታር ላይም የግራ እጅ ጣቶች ክሮቹን ከመጫን ላላ ብለው ድምፁን የሚቆርጡበት ብልሃት የዚሁ ዘመድ ነው። የቤንጋ ጊታር አባቶች በበኩላቸው ብዙ የወረሱት ከኬንያ ሉዎዎች ባለ ስምንት አውታር ንያቲቲ ነው። የንያቲቲ ተጫዋች በእግሩ አውራ ጣት ላይ የብረት ቀለበት አጥልቆ የመሣሪያውን ገላ እየመታ ምቱን ይጠብቃል፤ እጆቹ ዜማውን፣ አፉ ግጥሙን ይይዛሉ። አንድ ሰው ለራሱ ሊድም አጃቢም ሆነ ማለት ነው። እግሩ ግን አፉን አልቀናበትም።

በዚህ ሁሉ ላይ የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ አለ። ምት መጠበቅ መታዘዝ ነው፤ መታዘዝም ሁልጊዜ በጎ አይደለም። ሰልፈኛም ምት ይጠብቃል። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ራሱ ያደገው በሰልፍ ባንድ ጥላ ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ አርመናውያን ልጆች የናስ መሣሪያ ተጫዋቾች ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ የዘመኑ ታላላቅ ድምፃውያን የወጡትም ከክብር ዘበኛ፣ ከፖሊስ ሠራዊትና ከምድር ጦር ኦርኬስትራዎች ነው። ከበሮ በየአገሩ ብዙ ሰው ወደማይወደው ቦታ በአንድ እግር አስኪዷል። ታዲያ የሚመሰገነው እጅና የሚታዘንለት እግር በምን ይለያያሉ?

በጆሮ ነው የሚለያዩት። ሰልፈኛ ጎረቤቱን መስማት አያስፈልገውም፤ ትእዛዙን ከሰማ ይበቃዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት እርምጃ እንዲራመድ ነውና የሚፈለገው። በኮንጎዎቹ ሦስት ጊታሮች ውስጥ ግን አንዱም ሌላው የሚጫወተውን አይጫወትም፤ ቢጫወት ሙዚቃው ይፈርሳል። አጃቢው ቦታውን የሚያውቀው ሌሎቹ የት እንዳሉ በየቅጽበቱ በመስማት ነው። እምቢ የማለት ሥልጣንም አለው። ሊድ ጊታሩ ስሜት አሸንፎት መክነፍ ሲጀምር አጃቢው ከድራሙና ከቤዙ ጋር ሆኖ ባለበት ይጸናል። አይጮኽም፣ አይጣላም፤ አይከተልም ብቻ። ሊዱ ከጥቂት ምት በኋላ ብቻውን መሆኑን ሰምቶ ይመለሳል። ከዚህ የበለጠ ጨዋ ተቃውሞ መኖሩ ያጠራጥራል።

ኦስትሪያ ተወልዶ ኒው ዮርክ የሞተው አልፍሬድ ሹትዝ እ.ኤ.አ. በ1951 አብሮ ሙዚቃ ስለመጫወት ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ጉዳይ ከፍልስፍና በኩል ነክቶታል። ሹትዝ ቀን ቀን የባንክ ሥራ እየሠራ ማታ ማታ የሚያስብ ሰው ነበር፤ በሰዓት ተለክቶ የሚከፈልበትንም በሰዓት የማይለካውንም ጊዜ ሳያውቅ አልቀረም። እንደ እርሱ አስተያየት አብረው የሚጫወቱ ሰዎች የሚጋሩት ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ሰዓት አይደለም። እያንዳንዱ በውስጡ የሚፈስሰውን ጊዜ ከሌላው ጋር አገናኝቶ፣ ያንን ቅጽበት አብሮ ይኖራል፤ አብሮም ያረጃል። ሰዎች በቃል ከመግባባታቸው በፊት እንዲህ ያለ መስማማት መቅደም አለበት ብሎም ያምናል። ይህ ከሆነ ምት የሚጠብቅ ሰው የሚሰጠው ድምፅ ብቻ አይደለም። ከዕድሜው ቆርሶ ነው የሚሰጠው።

የሚሰጥ ሰው ባለበት ግን የሚበዘብዝም አይጠፋም። አለመታየት በጎነት ነው ብሎ የሚሰብከው ብዙውን ጊዜ የሚታየው ሰው ነው። በሠርግ ቤት ጓዳ ውስጥ ሌሊቱን በጭስ ስትጨናበስ ያደረችውን ሴት «ደስታዋ ማገልገል ነው» የሚላት በአዳራሹ የተቀመጠው እንግዳ ነው፤ እርስዋ ስትጠየቅ አይሰማም። ባንድም እንደዚሁ ነው። አጃቢው ስሙን ባይፈልግ የእርሱ ፈንታ ነው፤ በካሴቱ ሽፋን ላይ ስሙን አለመጻፍ ግን የሌሎች ጥፋት ነው። የዴሾ ዝምታ የሚያስከብረው ዴሾን እንጂ የረሱትን ሰዎች አይደለም። የመስማት ግዴታ ከመድረኩ ላይ ወርዶ አድማጩንም ይይዛል፤ አንድ እጅ አያጨበጭብም የሚባለው እዚህ ላይ በሁለት በኩል ይሠራል።

እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ በብዙ ከተሞች አንድ ኪቦርድ የድራሙን፣ የቤዙንና የአጃቢ ጊታሩን ሥራ ጠቅልሎ ያዘ። ርካሽ ነው፤ አይታመምም፤ አያረፍድም። ምቱም ከማንኛውም ሰው ምት ይልቅ እኩል ነው። እንግዲህ ተማሪው ዓመታት ደክሞ ማሽን በአንድ ቁልፍ የሚሠራውን ለምን ይማራል? ልብ ይሏል፦ ትዝታ የምትዘፍን ድምፃዊት በአንዲት ቃል ላይ ትንፋሿን ስትይዝ፣ ሰው ከሆነ የሚያጅባት ይጠብቃታል። ማሽኑ አይጠብቃትም፤ ትታው ብትሄድም አይፈልጋትም። ማሽን ምት አያዛንፍም፤ ሊያዛንፍ ስለማይችል ግን ታመነ አይባልም። የሰው እጅ በየምቱ ሊያዛንፍ እየቻለ ነው የሚጸናው። አድማጭ ልዩነቱን በቃል ባያስረዳ በእግሩ ያውቀዋል፤ የሚጨፍርበት መንገድ ይለያያልና።

በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች ባንድ ሲጫወት ያመሸ ሰው መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አይቷል። ኪቦርዱ በአንድ ጊዜ ይሞታል። ማይክሮፎኑ ይዘጋል፤ ሊድ ጊታሩ ሶሎውን ከመካከሉ ጥሎ ወደ ጣሪያው ያንጋጥጣል። ድራሙ ግን ይቀጥላል፤ ሰዉም በጭብጨባ ይቀበለዋል፤ ድምፃዊቷም በባዶ ጉሮሮዋ መዝፈኗን አትተውም። በጨለማው ውስጥ፣ ከድራሙ አጠገብ፣ የሪትም ጊታሩ ቀኝ እጅ ወደ ታች ይወርዳል፣ ወደ ላይ ይመለሳል። ያለ ማጉያ የክሮቹ ድምፅ ከባለቤቱ ጆሮ አያልፍም። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጄኔሬተሩ ሲነሣና አምፖሎቹ ሲበሩ፣ ሊድ ጊታሩ የት እንደደረሱ ለማወቅ ዞሮ የሚያየው ያንን እጅ ነው።